ማኅበሩ የሚገዛው የሞተር መጋዝ በዛፉ ልክ ይሁን

አንድ የገበሬ ማኅበር ከባሕር ዛፍ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ የሞተር መጋዝ ለመግዛት በሚመክርበት ጊዜ በስብሰባው ላይ ቀድሞ የሚነሣው የዋጋ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ አንዱ አባል ይነሣና «ካወጣን አይቀር ትልቁን እንግዛ፤ ትልቁ ትንሹንም ትልቁንም ይቆርጣል» ይላል። አነጋገሩ እውነት ስለሚመስል ብዙውን ጊዜ ተቃዋሚ አይኖረውም። ይህ ጽሑፍ የሚቀርበው ያን ተቃውሞ ለማሰማት ነው። ለገበሬ ማኅበር የባሕር ዛፍ ቦታ ትልቁ መጋዝ አይበጅም። ዛፍ ላይ ይዞ ለመውጣት ደግሞ ትልቁም መካከለኛውም ፈጽሞ አይሆንም።

ገበሬ ማኅበር ስንል፣ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት የተቋቋመው አካል ዛሬ በቀበሌ አስተዳደርና በኅብረት ሥራ ማኅበር እንደተተካ ዘንግተን አይደለም። ስሙ ግን ከገጠሩ ሕዝብ አፍ አልወጣም። የጋራ ገንዘብንና የጋራ ዛፍን የመጠበቁ ኃላፊነትም ከመሪዎቹ ጫንቃ አልወረደም።

ነገሩን ከከተማ እንጀምር። በምዕራብ አዲስ አበባ ኮልፌ 18 ማዞሪያና በዙሪያው ባሉት ሰፈሮች፣ ቦታው ገና ገጠር ቀመስ በነበረበት ዘመን የተተከሉ ባሕር ዛፎች ዛሬ በቆርቆሮ ጣሪያና በኤሌክትሪክ ሽቦ መካከል ቆመው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ዛፍ ከሥሩ ቢገነደስ የሚወድቅበት ሜዳ የለውም። ስለዚህ ከጫፉ ጀምሮ እየተቆራረጠ መውረድ አለበት። ለዚህ ሥራ የሚቀጠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ባሕር ዛፍ መውጣትን ከልጅነታቸው ጀምሮ የለመዱ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚያው አካባቢ ያየው አንድ ወጣት ወገቡን በፕላስቲክ ገመድ ከግንዱ ጋር አስሮ፣ በአንድ እጁ ቅርንጫፍ ጨብጦ፣ በሌላው እጁ መሬት ላይ ግንድ ለመጣል የተሠራ ከባድ የሞተር መጋዝ ያንቀሳቅስ ነበር። ከታች የቆሙት ሰዎች ጀግንነቱን ያደንቁ ነበር። መጋዙ የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የተከራየ መሆኑ ተነገረ።

ይህ የከተማ ጉዳይ ብቻ ቢሆን በዚህ ገጽ ላይ ባልተነሣ ነበር። ነገር ግን ዛፍ የሚወጣው ልጅ የገጠር ልጅ ነው። አጠናውም ከገጠር የሚመጣ ነው። መጋዙም ዞሮ ዞሮ ወደ ገጠር መሄዱ አይቀርም። በከተማ የታየው አሠራር «እንዲህ ነው የሚሠራው» ተብሎ በየመንደሩ ይዛመታል።

ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ባለውለታ መሆኑ የታወቀ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ዋና ከተማይቱ በማገዶ እጦት ተጨንቃ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ ምክንያት መናገሻቸውን በምዕራብ በኩል ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከተማይቱ በስፍራዋ የጸናችው ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ በዙሪያዋ ከተተከለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ቋሚና ማገር፣ የሕንፃው መወጣጫ፣ የምጣዱ ማገዶ ሁሉ ከእሱ ሆነ። አጠና ተራ የሚባል ሰፈር በከተማው መኖሩ ራሱ ንግዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ያሳያል።

እንግዲህ መጋዝ ስንመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን የምንቆርጠው ምን እንደሆነ ነው። ለአጠና የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ከ5 እስከ 7 ዓመት ዕድሜ ያለው ሲሆን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጣውላ ወይም ለመብራት ምሰሶ ተብሎ የቆየው ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው ለከሰል የሚያለማው ዴከረንስ የሚባለው ግራር በ5 ዓመት ገደማ የሚቆረጥ ስለሆነ ከዚህ የከበደ መጋዝ የሚጠይቅ አይደለም። የማኅበራት ሀብት ይህ ነው። በዚህ መካከል የ1 ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ የለም።

የሞተር መጋዝ መጠን የሚነገረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሞተሩ ጉልበት ሲሆን እንደ ሞተር ብስክሌት በሲሲ ይጠራል። ሁለተኛው ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበት ጠፍጣፋ ብረት ርዝመት ነው። ከ30 እስከ 35 ሲሲ የሆነው ትንሹ መጋዝ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ብረት ይይዛል። ከ40 እስከ 50 ሲሲ ያለው መካከለኛው ከ38 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ብረት ይስማማዋል። ከ60 ሲሲ በላይ የሆነው ትልቁ ግን 50፣ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ብረት ተገጥሞለት ለትልልቅ ግንዶች የተሠራ ነው። ለምሳሌ ስቲል ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ ሥራዎች መካከል ኤም ኤስ 250 የተባለው ወደ 45 ሲሲ፣ ያለ ብረቱና ያለ ነዳጁ ወደ 4.6 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ኤም ኤስ 381 የተባለው 72 ሲሲና 6.6 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስማቸውን የጠቀስነው ልዩነቱን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ሌሎችም ጥሩ ፋብሪካዎች አሉ።

የ2 ኪሎ ግራም ልዩነት በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል። ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ቀና እያለ በመቶ የሚቆጠር አጠና የሚቆርጥ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ክንዱ ሲዝል ይረዳዋል። ደግሞም ረጅሙ ብረት በባሕር ዛፍ መካከል ሌላ ጣጣ አለው። ከአንድ ጉቶ ሁለትና ሦስት ግንድ አቆጥቁጦ በሚያድግበት ቦታ፣ አንዱን ሲቆርጡ የብረቱ ጫፍ ከኋላ ያለውን ይነካል። የጫፉ የላይኛው ሩብ እንጨት በነካ ጊዜ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊትና አንገት ይፈናጠራል። ይህ የሚሆነው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከመግለጡ በፊት ስለሆነ በጉልበት ይዤ አስቀረዋለሁ ማለት የማይታሰብ ነው። ፋብሪካዎች ከፊተኛው እጀታ ፊት ለፊት ፍሬን የገጠሙት ለዚሁ ነው። ጫፉ ዛፍ ባይነካ እንኳ አፈርና ድንጋይ ይነካል፤ ያን ጊዜ የሰንሰለቱ ስለት በቅጽበት ይሞታል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለማኅበሩ የሚገባው ከ45 እስከ 50 ሲሲ ሆኖ 40 ሳንቲ ሜትር ብረት ያለው መጋዝ ነው። በዚህ መጋዝ እስከ 35 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ግንድ በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። አልፎ አልፎ የሚያጋጥመውን 60 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ዛፍ ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ከሁለት ወገን ገብቶ ይጥለዋል።

«ታዲያ ለአጠና ብቻ ከሆነ 30 ሲሲውስ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። በዝቅተኛ ቦታ ቢሆን ምናልባት ይበቃ ነበር። የእኛ ባሕር ዛፍ ያለው ግን በደጋና በወይና ደጋ ነው። አዲስ አበባም ሆለታም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ይገኛሉ፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈለት ኃይል አንድ አራተኛው ያህል ሆለታ ላይ ጠፍቷል ማለት ነው። ከትንሹ ይልቅ መካከለኛውን የምንመርጠው ለዚህ ማካካሻ እንዲሆን ነው።

ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው፤ ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ብዙ ሞተር ተቃጥሏል። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መጋዝ ደጋ ላይ ሲነሣ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል። ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ያጣል። መካኒኩ በካቻቢቴ ቤንዚኑን ይቀንስለትና ደኅና ይሠራል። ይኸው መጋዝ ተከራይቶ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይበዛና ቤንዚኑ ያንሰዋል። ሞተሩ ያለ ልክ ይግላል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ በመጨረሻ ፒስተኑ ይጣበቃል። ባለ መጋዙ «ዕቃው ብልሹ ነበር» ብሎ ይራገማል። ራሳቸውን የሚያስተካክሉ አዳዲስ መጋዞች ወጥተዋል፤ ለአሮጌዎቹ ግን ከደጋ ወደ ቆላ ሲወሰዱ ካርቡሬተሩን እንደገና ማስተካከል የግድ ነው።

የትልቁን መጋዝ ነገር ሳልጨርስ አንድ የማይነገር ነገር ልናገር። በአጠና ብቻ የሚተዳደር መንደር ውስጥ 70 ሲሲ መጋዝ ሲገባ የሚመጥነውን ሥራ መፈለጉ አይቀርም። በመንደሩ ትልልቅ ግንድ ያለው ደግሞ የት ነው? በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በወንዝ ዳር፣ በተራራው ጫፍ የተረፈው ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ ነው። እነዚህ አራቱ ዛፎች ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ በስም ተጠቅሰው ነበር። አዋጁ በ1999 ዓ.ም. ኋላም በ2010 ዓ.ም. በሌሎች አዋጆች ቢተካም ዛፎቹ ከዚያ ወዲህ አልበረከቱም። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ታሪክ ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ወደ 15ኛው መቶ ዓመት ይመዘዛል። ንጉሡ የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉ ይነገራል። ጎረቤቱ እንዲህ ያለ ደን የሆነ ማኅበር 60 ሳንቲ ሜትር ብረት ያለው መጋዝ መግዛቱ የደን ጠባቂውን እንቅልፍ ቢነሣ አያስደንቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ፣ ወደ ዛፍ መውጣቱ እንመለስ።

ዛፍ ላይ ይዞ ለመውጣት ተብሎ የተሠራ የሞተር መጋዝ በእርግጥ አለ። እጀታው ከኋላ ሳይሆን ከአናቱ ላይ የተገጠመ፣ ከ30 እስከ 35 ሲሲ፣ ብረቱ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ያለ ብረቱና ያለ ነዳጁ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እዚህ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 ዓ.ም. ኤሚል ሌርፕ የተባለው ጀርመናዊ የሠራው የቤንዚን መጋዝ 58 ኪሎ ግራም ስለነበር ሁለት ሰው ይሸከመው ነበር። ስቲል በ1950 አንድ ሰው የሚይዘውን ሲያወጣ ክብደቱ 16 ኪሎ ግራም ነበር። መሐንዲሶች በዚህ ሁሉ ዓመት ክብደት ለመቀነስ ሲደክሙ፣ እኛ ዛፍ ላይ ለሚወጣ ልጅ ከባዱን ማሸከማችን ግራ የሚያጋባ ነው።

ይሁን እንጂ ባለ አናት እጀታው መጋዝ በማንም እጅ የሚገባ አይደለም። ቀላል ስለሆነ ሰው በአንድ እጁ እንዲሠራበት ይገፋፋዋል። በአንድ እጅ የተያዘ መጋዝ ሲፈናጠር ቀድሞ የሚያገኘው ቅርንጫፍ የጨበጠውን ግራ እጅ፣ ትከሻና አንገት ነው። አምራቾቹ ራሳቸው በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ይህ መጋዝ ዛፍ ላይ ለመሥራት ልዩ ሥልጠና ላገኘ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ በሁለት እጅም መያዝ እንዳለበት አስፍረዋል። ለመሬት ሥራም አይመከርም። ስለዚህ «ትንሽና ርካሽ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ እንዳይገዛ።

ዛፍ ላይ በሞተር መጋዝ የሚሠራ ሰው ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች መታሰር አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የመጋዝ ሰንሰለት በአንድ ሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ይሮጣል። በገበያ የምናውቀው የፕላስቲክ ገመድ በዚህ ስለት ፊት እንደ ክር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ከነካው ሰውየው መሬት ነው። መጋዙም ለብቻው በገመድ መታሰር፣ ሞተሩ መሬት ላይ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ወይም ፍሬኑ ተይዞ መጎተት አለበት። ከታች ደግሞ ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል ሁለተኛ ሰው ከነገመዱ ይቆም። ከላይ የተጎዳ ሰው ደሙ እየፈሰሰ መሰላል እስኪፈለግ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።

የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥመሩን እስኪያቋርጥ ድረስ ማንም አይውጣ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አንዳንዱ አያምንም። ከፍተኛ ኃይል ባለው መሥመር ላይ ደግሞ ሽቦውን መንካት እንኳ አያስፈልግም፤ መቅረቡ ብቻ ይበቃል።

ይህ ሁሉ መሣሪያና ሥልጠና በየማኅበሩ እንደማይገኝ አውቃለሁ። መልሴም አጭር ነው። ሠልጣኝ ከሌለ የሞተር መጋዝ ዛፍ ላይ አይወጣም፤ የእጅ መጋዝ ይወጣል። ጥርሱ ወደ ውስጥ የሚስብ ቆልመም ያለ የእጅ መጋዝ፣ 10 ሳንቲ ሜትር የወፈረ እርጥብ ቅርንጫፍን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። አይፈናጠርም፣ ገመድ ሲነካ እጅ ስለሚቆም ገመዱ አይበጠስም፣ ቤንዚን አይጠይቅም። ቅርንጫፉን መጀመሪያ ከሥሩ በኩል አንድ ሦስተኛ ያህል በልቶ ከዚያ ከላይ መቁረጥ ነው፤ ያለዚያ ሲወድቅ ልጡን እየገሸለጠ ወደ ሰውየው ይወዛወዛል። ሥራው ግማሽ ቀን ፈጅቶ የነበረው ቀን ሙሉ ቢፈጅስ? ግማሽ ቀን ለማትረፍ ተብሎ የሚጠፋ ሕይወት ማኅበሩ በምን ሒሳብ ይመዘግበዋል? ወፍራሙ ግንድ ቅርንጫፎቹ ከተራገፉለትና ገመድ ከታሰረለት በኋላ በመካከለኛው መጋዝ ከመሬት ይጣላል። ከመሬት ለመጣል ቦታ የሌለው፣ በቤትና በሽቦ የተከበበ ዛፍ ከሆነ ግን ሥራው የማኅበሩ አይደለም፤ ሙያው ላላቸው ይተው።

«መጋዙን ለከተማ ሥራ እያከራየን ወጪውን እንመልሳለን» ለሚሉ መሪዎች ደግሞ አንድ የሕግ ነገር ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ወይም የሞተር መሣሪያ ባለቤት፣ መሣሪያው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። መሣሪያውን ያንቀሳቀሰው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይወጣም። ኮልፌ ውስጥ ጣሪያ ላይ ለወደቀ ግንድ ወይም በመንገድ ሲያልፍ ለተጎዳ ሰው፣ ጠያቂው የማኅበሩን በር ቢያንኳኳ ሊያስገርም አይገባም። የአንድ ቀን ኪራይ ይህን አይሸፍንም።

ከመሬት በመጣልም ቢሆን ባሕር ዛፍ ተንኮለኛ ነው። በግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ስላለው፣ በተለይ ያዘመመውን በችኮላ ሲቆርጡት ከመውደቁ በፊት ከታች ወደ ላይ ይሰነጠቅና የኋላው ስንጥቅ ቆራጩን ይመታዋል። በሚወድቅበት ወገን የግንዱን አንድ አምስተኛ ያህል ቀድሞ አፍ ማውጣት፣ ከኋላ ሲቆርጡም ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት እንደ ማጠፊያ መተው ያስፈልጋል። ሌላው ሰው ሁሉ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ ይቁም። ልጆችና ከብቶች ጭምር።

ጉቶውም መረሳት የለበትም፤ የሚቀጥለው ምርት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ውሃ እንዳያቁር ትንሽ አጋድሎ፣ ልጡ ሳይገሸለጥ የተቆረጠ ጉቶ ደኅና ያቆጠቁጣል። በመጥረቢያ የተጨፈጨፈው ልጡ ይላቀቅና ቡቃያው ነፋስ ሲነካው ይገነጠላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከቡቃያው ጠንካሮቹን 2 ወይም 3 ትቶ ሌላውን ማንሣት ነው። መጋዝ የሚሻለው በዚህ ነው፤ ከአጠናውም በመጥረቢያ ፍልጥልጭ የሚባክነውን ስንዝር ያህል ያድናል። ስለቱ የሞተ ትልቅ መጋዝ ግን ልጡን ስለሚቦጫጭቀው ከመጥረቢያ አይሻልም።

ስለት ካልን ዘንድ፣ ዛሬ የምናውቀው ጥርሱ የጎበጠ ሰንሰለት መነሻው ትል ነው ቢባል ብዙ ሰው ይስቃል። ጆሴፍ ኮክስ የሚባለው አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ፣ ግንድ የሚበላ ትል መንጋጋውን ግራና ቀኝ እያደረገ እንዴት እንደሚፍቅ ተመልክቶ በአምሳሉ ሰንሰለት ሠራና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ፋብሪካ ከፈተበት። ይህን ጥርስ የሚስለው ክብ ሞረድ በሰንሰለቱ ዓይነት ይለያያል። ለትንንሾቹ መጋዞች ሰንሰለት 4 ሚሊ ሜትር፣ በመካከለኛው ላይ ብዙ ጊዜ ለሚገጠመው 4.8 ሚሊ ሜትር፣ ለትልቁ 5.2 ሚሊ ሜትር ሞረድ ነው። ሻጩ የትኛው እንደሆነ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ማድረግ አይከብድም። መጋዙ ዱቄት እንጂ ፍቅፋቂ ካላወጣ ስለቱ ሞቷል ማለት ነው፤ በጉልበት ከመጫን አቁሞ መሳል ይሻላል።

የዘይቱ ነገርም እንዲሁ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሞተር ያጠፋል። ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ጥሩ ዘይት ከሆነ፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ይደባለቃል። ተራው ዓይነት ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። በዓይን ግምት አይሁን። ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ዘይት ለብቻው ሲሆን፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት እዚያ መጨመር ፓምፑን መግደል ነው።

በበጀቱ ላይ ከተስማማን፣ ከትልቁ ወደ መካከለኛው በመውረድ የሚተርፈውን ገንዘብ ለሌላ ዕቃ እንዳትመልሱት እጠይቃለሁ። ሰንሰለቱ ሲነካው ውስጡ ያለው ክር ተጠቅልሎ የሚያቆመው ሱሪ፣ የራስ ቁርና የጆሮ መከላከያ፣ ሁለት ትርፍ ሰንሰለት፣ ሞረድ፣ ሁለት የእጅ መጋዝ፣ ጠንካራ ገመድ ይገዛበት። የሞተሩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ጆሮውን ሳይሸፍን ዓመት የሠራ ሰው ቀስ በቀስ መስማት ያቅተዋል። በገበያ ላይ የታዋቂ ፋብሪካዎችን ቀለምና ስም የለበሱ አስመሳይ መጋዞች ስለሚገኙ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሞተሩ ተነሥቶ ፍሬኑ ሲያዝ ሰንሰለቱ ወዲያው መቆሙን፣ የቤንዚን መስጫው መቆለፊያም መሥራቱን በዓይን ማየት ይገባል። በባትሪ የሚሠሩ ቀላል መጋዞችም መጥተዋል፤ ዛፍ ላይ ሞተር ማስነሣትን ስለሚያስቀሩ ጥሩ ሐሳብ ናቸው፤ መብራት በየቀኑ ለማይገኝበት መንደር ግን ለጊዜው አይመከሩም።

የግዢ ኮሚቴው ወደ አዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ወደ ማኅበሩ ዛፍ ይሂድ። ከቦታው ልዩ ልዩ ማዕዘን 50 ያህል ዛፎች መርጦ በደረት ቁመት ላይ ዙሪያቸውን ይለካ፤ ዙሪያውን ለ3.14 ሲያካፍሉት ውፍረቱ ይወጣል። ዙሪያው 47 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ 15 ሳንቲ ሜትር የወፈረ ነው ማለት ነው። ቁጥሩን፣ የቦታውን ከፍታና በዛፉ አጠገብ ሽቦ መኖር አለመኖሩን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ በጸሐፊው ፊርማ ያረጋግጥ። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን አውርዶ ሲያሳይ ያን ወረቀት አውጥቶ ማሳየት ነው።